የት ቆመህ አየህ?



ችሎት ፊት የቆመ ምስክር «ሲመታው አይቻለሁ» ብሎ ቢያበቃ ቃሉ ሚዛን አይደፋም። ተከራካሪው ወገን ብድግ ይልና መስቀለኛ ጥያቄውን ይጀምራል፤ የት ቆመህ አየህ? ቀን ነበር ወይስ አመሻሽ ላይ? በመካከላችሁ ስንት ክንድ ነበር? በምን መታው? ሌላስ ማን ነበረ? ምስክሩ የተከበረ ሽማግሌ መሆኑ ከዚህ ጥያቄ አያድነውም፤ አነጋገሩ ማማሩም አያድነውም። የሚያድነው ያየውን ከቆመበት ቦታ ጋር አያይዞ መናገሩ፣ ያላየውንም «አላየሁም» ማለቱ ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለሳይንስ ጆርናል የሚላክ ጽሑፍ የምስክር ቃል ነው። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ የምናዘጋጀው እንደ ማመልከቻ ነው፤ እንዲፈቀድልን፣ ማዕረጉ እንዲሰጠን፣ ስማችን እንዲቆጠር። በእኔ ፍርድ ማኑስክሪፕት ተደጋግሞ እንዲመለስ የሚያደርገው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህ አመለካከት ነው፤ አመልካች የሚያስበው እንዴት እንደሚፈቀድለት ነው፣ ምስክር ግን ምን እንደሚጠየቅ ያስባል።

ይህን ምሳሌ ከውጭ አምጥቼ የለጠፍኩት አይደለም። ጆርናል የሚባለው ነገር ከመነሻው ከጥርጣሬ ጋር የተወለደ ነው። በ1665 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ) የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን ጆርናል ማሳተም ጀመረ። የማኅበሩ መፈክር በግርድፉ ሲተረጎም የማንንም ቃል እንዲሁ አለመቀበል ማለት ነው። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ የነበረው ሮበርት ቦይል ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1660፣ የአየር ፓምፕ ሙከራዎቹን ሲያሳትም መንገዱን ጠርጎ ነበር። የመሣሪያውን ሥዕል አስገባ፤ የሠራውን ሁሉ እስኪያሰለች ዘረዘረ፤ አልሳካ ያሉትን ሙከራዎች ሳይቀር ጻፈ። ያን ጊዜ ሙከራ የሚታመነው የተከበሩ ሰዎች በአካል ተገኝተው ሲያዩት ነበር። ቦይል የፈለገው ክፍሉ ውስጥ ያልነበረው አንባቢ እንደነበረ ሆኖ እንዲያይ ነው። ዛሬ የዘዴ ክፍል የምንለው፣ ብዙዎቻችን ከፕሮፖዛላችን ገልብጠን የምናልፈው ያ ገጽ፣ ከዚህ ፍላጎት የወጣ ነው።

እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። በአንድ ጤና ጣቢያ ስለ ደም ግፊት ጥናት ተደረገ እንበል። ረቂቁ «የተሳታፊዎቹ የደም ግፊት ተለካ» ይላል። ውሸት የለበትም፤ ምስክርነትም ግን አይደለም። ገምጋሚው የት ቆመህ አየህ ይላል። ሰውየው ዳገት ወጥቶ እንደ ደረሰ ነው የተለካው ወይስ አርፎ? ማን ለካው? በምን? ስንት ጊዜ? ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ቢሆንስ፦ «ተሳታፊው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ፣ ክንዱን በልቡ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ በሠለጠነች ነርስ በዲጂታል መለኪያ ሁለት ጊዜ ተለካ፤ የሁለቱ አማካይ ተወስዶ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነው ከፍተኛ ተብሎ ተመዝግቧል።» አሁን አንባቢው ክፍሉ ውስጥ ገብቷል። ቢፈልግ ሊደግመው፣ ቢፈልግ «ሁለት ጊዜ አይበቃም» ብሎ ሊሟገት ይችላል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛው አይበልጥም፤ በሐቁ ብዛት ነው የሚበልጠው። ስለ ናሙናም ነገሩ ያው ነው። ስንት ሰው ተጠየቀ፣ ስንቱ እምቢ አለ፣ እምቢ ያሉት እነማን ነበሩ የሚለው መልስ ካልተጻፈ የቀረው ቁጥር በአየር ላይ ይንሳፈፋል። በ1996 ለክሊኒካል ሙከራዎች የወጣው ኮንሶርት፣ በ2007 ለምልከታ ጥናቶች የወጣው ስትሮብ የሚባሉት የማረጋገጫ ዝርዝሮች ቀድመው የተዘጋጁ መስቀለኛ ጥያቄዎች ናቸው ማለት ይቻላል፤ በነፃም ይገኛሉ። ጸሐፊዎች ዝርዝሩን የሚሞሉት ጆርናሉ ሲያስገድዳቸው፣ ማኑስክሪፕቱ ካለቀ በኋላ፣ በመላኪያው ሌሊት መሆኑ ያሳዝናል። ስለ ጽሑፉ ቅርጽ፣ ማለትም መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት ስለሚለው ቅደም ተከተል ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አንባቢ የሚጀምርበትና ጸሐፊ የሚጀምርበት ቦታ አንድ አይደለም። ኤዲተሩ መጀመሪያ የሚያየው አብስትራክቱን ነው፤ እናንተ ግን ዘዴውን፣ ቀጥሎ ሠንጠረዦቹን ጻፉ፣ አብስትራክቱን የመጨረሻ አድርጉት።

ማኑስክሪፕት የምስክር ቃል ከሆነ ዝግጅቱ የሚጀምረው ጥናቱ ሲያልቅ ሊሆን አይችልም። ምስክር የቆመበትን ቦታ ከጊዜ በኋላ መቀየር አይችልምና። የስታትስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በ1938 ባደረገው ንግግር ሙከራው ካለቀ በኋላ የስታትስቲክስ ባለሙያ መጥራት አስከሬን እንዲመረመር ሐኪም መጥራት ነው የሚል ይዘት ያለው ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ባለሙያው ጥናቱ በምን እንደ ሞተ ከመናገር ያለፈ ነገር አያደርግም። የሥነ ምግባር ፈቃድ ዳታ ከተሰበሰበ በኋላ አይወጣም። ዋነኞቹ የሕክምና ጆርናሎች ከ2005 ጀምሮ ክሊኒካል ሙከራ የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት በይፋ እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ፤ ያልተመዘገበውን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያድነው የለም። የጥናቱ ዓይነትም የድምዳሜውን ግስ ይወስናል። ሰዎችን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ የተሠራ ጥናት «ቡና መጠጣት እንቅልፍ ማጣትን ያስከትላል» ሊል አይችልም፤ እንቅልፍ ያጣው ሰው ይሆናላ ቡና የሚያበዛው! «ተያይዞ ታይቷል» ማለት ይችላል። ይህ የቃላት ጨዋታ መስሎ ይታያል። ገምጋሚ ግን ብዕሩን የሚያነሣው እዚህች ግስ ላይ ነው፤ ምክንያቱም «ያስከትላል» ያለ ጸሐፊ ያላየውን አይቻለሁ ብሏል።

የታወቀ ጆርናል፣ ትልቅ ቁጥርና ትልቅ ስም ይህን ጥያቄ እንደማያስቀሩ የ2020ው ታሪክ ይነግረናል። በኮቪድ ወረርሽኝ መካከል «ላንሴት» ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኪን አንድ ጥናት ሜይ 22 ላይ አወጣ። ከ671 ሆስፒታሎች የተገኙ 96,032 ሕሙማን፤ ማን ይከራከረዋል? የጠየቁ ግን ነበሩ። ጥናቱ በአውስትራሊያ እስከ አፕሪል 21 ድረስ 73 ሰዎች መሞታቸውን ሲገልጽ፣ በአገሪቱ በዚያ ቀን የተመዘገበው ሞት በሙሉ 67 ነበር። ከአፍሪካ ተሰበሰበ የተባለው ዝርዝር የኤሌክትሮኒክ መረጃም ጥርጣሬ አስነሣ፤ በአህጉሩ ያን ያህል ሆስፒታል እንዲህ ያለ መዝገብ ከመቼ ወዲህ ያዘ? ዳታውን ያቀረበው ድርጅት ጥሬ መዝገቡን ለገለልተኛ መርማሪዎች አላሳይም አለ። ጁን 4 ላይ፣ በታተመ በ13ኛው ቀን፣ ጽሑፉ ተሻረ። ከዚህ የምወስደው ጥሬ ዳታችሁን፣ የመጠይቁን ቅጂ፣ የትንተናውን ፋይል ጽሑፉ ከታተመም በኋላ ጠብቁ የሚለውን ብቻ አይደለም። ቁጥሩ የበዛ ምስክር መስቀለኛ ጥያቄው ይበዛበታል እንጂ አይቀርለትም።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ፦ «ይህ ሁሉ ጥሩ፤ ነገር ግን እኛን የሚጠራጠሩን በዘዴያችን አይደለም፣ በአድራሻችን ነው» ሊል ይችላል። ከባድ ተቃውሞ ነው፤ ማስረጃም አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያው ከወንዙ ዳር የእጣቢውን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣ ካለበት ዕቃ ውስጥ አስጨመሩ፤ ሞቱ። በ1965 የመጀመሪያ ሪፖርታቸውን ያወጡት ከተመሠረተ ገና ሦስት ዓመቱ በነበረው «ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል» ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ዐሥርተ ዓመታት የፈጀ ውጣ ውረድ ነበር። እዚህ የተሠራው የደኅንነት ምርመራ በቂ አይደለም ተብሎ፣ በውጭ ላቦራቶሪዎች እንደገና እንዲሠራ ተጠየቀ፤ በመጨረሻም በካናዳ ተመረመረ። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት በ1989 ሲቀበሉ ከመጀመሪያው ሪፖርት 24 ዓመት አልፎ ነበር። አድልዎ የለም የሚል ሰው ይህን ታሪክ አላነበበም ማለት ነው። ነገር ግን ታሪኩን ወደ ሌላም ጎን አዙሩት። የግኝቱን ባለቤትነት ያቆየው ምንድን ነው? ቁጭት አይደለም። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተክሉ ስም የሰፈረባት፣ ማንም አንሥቶ ሊያነባት የሚችል በ1965 የታተመች አጭር ሪፖርት ናት። አድልዎ ያለበት ዳኛ ፊት የሚቆም ምስክር ቃሉን ይበልጥ ማጥበቅ አለበት። ፍትሐዊ አይደለም፤ ግን እንዲያ ነው።

የማይጠይቀን ሰው ወዳጃችን መስሎ የሚታየን ጊዜ አለና እሱንም ልናገር። በ2013 ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጣው ዘገባ አለ። በድንጋይና በዛፍ ላይ ከሚበቅል ላይከን (lichen) ስለተገኘ የካንሰር መድኃኒት የሚያወራ የፈጠራ ጽሑፍ አዘጋጀ፤ ማንኛውም በቂ ገምጋሚ ሊያየው የሚችል ግልጽ ስሕተት ሆን ብሎ አኖረበት። የደራሲው ስም የሌለ፣ ተቋሙም የሌለ፤ አስመራ የሚገኝ የሕክምና ኢንስቲትዩት ተብሎ የተጻፈ ነበር። ለ304 ጆርናሎች ላከው፤ 157ቱ ተቀበሉት፣ 98ቱ መለሱት። እነዚያ 157 ጆርናሎች ለአፍሪካዊ ተመራማሪ በጣም ቸር ነበሩ ልንል ነው? በእኔ አስተያየት ከጠየቁን ሰዎች ይልቅ የናቁን እነሱ ናቸው፤ ቃላችን እውነት ይሁን ሐሰት ደንታ አልነበራቸውም፣ የፈለጉት ክፍያውን ነው። ዛሬም በኢሜይል «ክቡር ፕሮፌሰር» እያለ የሚያሞግስ፣ በሳምንት ውስጥ አሳትማለሁ የሚል፣ ከነርቭ ሕክምና እስከ አፈር ጥበቃ ሁሉን የሚያትም ጆርናል ሲመጣባችሁ ጠርጥሩ። በክፍያ ምክንያት ወደዚያ የሚሄድ ካለ፣ ብዙዎቹ ታማኝ ክፍት ጆርናሎች እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያውን እንደሚቀንሱ ወይም እንደሚተዉ ይወቅ፤ ከመላኩ በፊት መጠየቅ ነው። ጆርናል ሲመረጥም ዋናው ጥያቄ ደረጃው አይደለም፤ ይህን ቃል መስማት ያለበት ማን ነው የሚለው ነው። የሉሲ ዝርያ አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1978 «ኪርትላንዲያ» በተባለ የክሊቭላንድ ሙዚየም ጆርናል ነው። ትንሽ ጆርናል ነበር፤ ዓለም ግን አነበበው።

«ቋንቋውስ?» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። በእንግሊዝኛ መጻፍ በሰው ጫማ ዳገት እንደ መውጣት ነው፤ አልክድም። ይሁን እንጂ የቋንቋ ጉድለትና የዘዴ ጉድለት አንድ ዓይነት በሽታ አይደሉም። የተንጋደደ ዓረፍተ ነገር ጥሩ አራሚ ባገኘ በሁለት ቀን ይቃናል። ያልተመዘገበ መለኪያን የሚያቃና አራሚ የለም። ቋንቋ የሚጎዳን ይልቅ በሌላ መንገድ ነው፤ ፍርሃቱ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ዓረፍተ ነገር እንድንዋስ ያደርገናል። የውሰቱ ዓረፍተ ነገር ያማረ ይሆናል፣ የኛን ጥናት ግን አይገልጽም፤ መመሳሰልን የሚለይ ሶፍትዌርም ወዲያው ያሳጣናል። አጭርና ደረቅ፣ ግን የራሳችን የሆነ ዓረፍተ ነገር ይሻላል። በአማርኛ አስቀድሞ ለባልደረባ በቃል ማስረዳት፣ ከዚያ የተናገሩትን በእንግሊዝኛ መጻፍ ይረዳል። በአማርኛ ሊነገር ያልቻለ ሐሳብ በእንግሊዝኛም አልጠራም ማለት ነው።

ስለ ጸሐፊዎች ስም መናገር ትንሽ ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለና። ዳታ ያልሰበሰበ፣ ትንተና ያላየ፣ ረቂቁን ያላነበበ ኃላፊ ስሙ ይገባል፤ «እንዴት ይቀራል?» ይባላል። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናሎች አዘጋጆች ኮሚቴ ለጸሐፊነት ያስቀመጣቸው መስፈርቶች አራት ናቸው፤ በጥናቱ ሐሳብ ወይም ዳታ ወይም ትንተና ላይ ተጨባጭ ድርሻ ማበርከት፣ በመጻፍ ወይም በቁም ነገር በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለጽሑፉ ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። በችሎት ቋንቋ ስናየው ነገሩ ቀላል ነው፤ ያላየ አይመሰክርም። ገንዘብ ያፈላለገ፣ መኪና የፈቀደ፣ ምክር የሰጠ ሰው በምስጋና ክፍሉ ከነውለታው ይጻፍ፤ ክብሩ ነው እንጂ ውርደቱ አይደለም። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራሞችም በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ። ያው ኮሚቴ ከ2023 ወዲህ ጸሐፊ ሊሆኑ እንደማይችሉ፣ ከተጠቀሙባቸውም መገለጽ እንዳለበት ይናገራል። ማሽን ለመስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብማ።

የቀረው ገምጋሚው ነው። ብዙ ጸሐፊ የገምጋሚን አስተያየት እንደ ስድብ ይቀበላል። አልበርት አይንስታይንም ተቀብሎት ነበር። በ1936 ከናታን ሮዘን ጋር የስበት ሞገድ የለም የሚል ጽሑፍ ለ«ፊዚካል ሪቪው» ላከ፤ ኤዲተሩ ለስሙ ላልተጠቀሰ ገምጋሚ አሳይቶ አስተያየቱን መለሰለት። አይንስታይን ተቆጣ፣ ጽሑፉን አውጥቶ ወሰደ። በኋላ እንደታወቀው ገምጋሚው ሃዋርድ ሮበርትሰን ነበር፤ ስሕተቱንም በትክክል አይቶታል። ጽሑፉ በ1937 በሌላ ጆርናል ሲወጣ ድምዳሜው ተለውጦ ነበር። ስሙ ሳይታወቅ የጠየቀው ሰው አይንስታይንን ከስሕተት አዳነው። በአንጻሩ ሐንስ ክሬብስ ኋላ የኖቤል ሽልማት ያስገኘለትን ሥራ በ1937 ለ«ኔቸር» ልኮ ቦታ የለንም ተብሎ ተመለሰለት፤ በሌላ ጆርናል አሳተመው። ጆርናሎች ይሳሳታሉ እንግዲህ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ የምለው፣ «አይ» የሚል መልስ ብቻውን ምንም አያስተምርም፤ ምክንያቱ ግን ያስተምራል። ምክንያት ካለው መልስ ስጡ፤ የገምጋሚውን አስተያየት አንድ በአንድ ቅዱ፣ ከሥሩ ምን እንደለወጣችሁ በገጽና በመስመር ቁጥር አመልክቱ። ካልተስማማችሁ «አልተስማማንም፤ ምክንያቱም» ብላችሁ ማስረጃውን አስቀምጡ። «አስተያየቱን ተቀብለናል» ብሎ ጽሑፉን እንዳለ መመለስ ችሎት ፊት ዝም ከማለት አይሻልም። የመጀመሪያው ጆርናል ሳይመልስ ለሁለተኛው መላክም አይገባም፤ ሁለቱ ገምጋሚዎች አንድ ሰው ሆነው የተገኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ጊዜ የለንም፣ ዕድገት በጽሑፍ ብዛት ይቆጠራል» የሚለውን ተቃውሞ እረዳለሁ። በመካከለኛው አዋሽ ከ1994 ጀምሮ ተቆፍራ የወጣችው የጥንት ሰው መሰል ቅሪተ አካል አርዲ በ11 ጽሑፎች ተብራርታ ለንባብ የበቃችው በ2009 ነው፤ ዐሥራ አምስት ዓመት። ለሁላችን ያን ያህል ዕድሜ አይሰጠንም፣ አያስፈልገንምም። የምጠይቃችሁ አንድ ሳምንት ነው። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ለመላክ የተዘጋጀ ረቂቅ ካለ የዘዴውን ክፍል ብቻ አትሙና ከእናንተ ዲፓርትመንት ውጭ ላለ አንድ ባልደረባ ስጡት። ይህን ጥናት ያለእኛ ብቻህን ልትደግመው ትችላለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁት። የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ሁሉ ጻፉ፤ መልሱን ወደ ጽሑፉ አስገቡ። ጥያቄው እስኪያልቅ ድረስ አትላኩት።